ሂዴኦ ኮጂማ፦ ስለ ጌም ዳይሬክተሩና ደራሲው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሂዴኦ ኮጂማ ከሚነሡት ብዙ ጥያቄዎች መካከል ከዚህ በታች የተመለሱት ደጋግመው የሚመጡት ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታሪኮቹን ፍጻሜ ሳይነኩ ስለ ኮጂማ ሥራ በቁም ነገር መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ መጨረሻውን በራሱ እጅ ተጫውቶ ማየት የሚፈልግ አንባቢ ስለ ሜታል ጊር ሶሊድ 2 እና 3 የተጻፈውን ለጊዜው ይለፈው።

ሂዴኦ ኮጂማ ማን ነው?

ጃፓናዊ የቪዲዮ ጌም ዳይሬክተር፣ ደራሲና ፕሮዲውሰር ነው። ኦገስት 24 ቀን 1963 ቶኪዮ ውስጥ ሴታጋያ በሚባለው ክፍል ተወለደ፤ ያደገው ግን በምዕራብ ጃፓን፣ በካንሳይ አካባቢ ነው። ከ1986 እስከ 2015 መጨረሻ በኮናሚ ኩባንያ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ኮጂማ ፕሮዳክሽንስ የተባለውን የራሱን ድርጅት ይመራል። ስሙን ያስጠራው ሜታል ጊር የተሰኘው ተከታታይ ጌም ሲሆን፣ ከኮናሚ ከወጣ በኋላ ዴዝ ስትራንዲንግን ሠርቷል።

ኮናሚ የሚለው ስም እኛ ዘንድ የተለመደው ልጆች በፕሌይስቴሽን ቤቶች ተራ እየጠበቁ በሚጫወቱት የእግር ኳስ ጌም ነው። በዚያው ኩባንያ ውስጥ አንድ ሰው ለሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ ጥያቄ ሲያመላልስ ኖሯል፦ መሣሪያ የያዘ ተጫዋች መግደልን እንደ ቀላል ነገር እንዳያየው ምን ላድርግ? በእኔ እምነት የኮጂማን ሥራ ከሌሎች የጦርነት ጌሞች የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። ከታች ያሉት መልሶችም ዞረው ዞረው ወደዚያው ይመጣሉ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዴት ወደ ጌም ገባ?

ወላጆቹ ፊልም ወዳድ ነበሩ። ቤተሰቡ ማታ ማታ አንድ ላይ ተቀምጦ ፊልም ያይ ነበር፤ ልጆቹም ፊልሙ ሳያልቅ ወደ መኝታ አይሄዱም። አባቱ የሞቱት እሱ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነበር። በኋላ ስለ ብቸኝነትና ስለ መተሳሰብ በሠራቸው ጌሞች ውስጥ ያ ልጅ ይታየኛል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ሲያጠና ልቡ ድርሰትና ፊልም ላይ ነበር። ለመጽሔቶች የሚልካቸው ልብ ወለዶች መጽሔቶቹ ከሚፈልጉት ርዝመት እጅግ ስለሚበልጡ አልታተሙለትም። ወደ ፊልም ሥራ የሚያስገባ በርም አላገኘም። በዚያን ጊዜ ነው ፋሚኮም በተባለው የኒንተንዶ የጌም ማሽን ላይ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን፣ እንዲሁም የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ የተባለውን የወንጀል ምርመራ ጌም ያየው። እነዚህ ሁለቱ ታሪክ የሚነገርበት አዲስ መንገድ እንዳለ አሳመኑት። ጓደኞቹ ውሳኔውን አልደገፉም፤ በጊዜው ጌም መሥራት የተከበረ ሙያ አልነበረም።

በ1986 ኮናሚ ሲቀጠር ኤምኤስኤክስ ለተባለው የቤት ኮምፒውተር ጌም በሚሠራው ክፍል መደቡት። እሱ የተመኘው እዚያ አልነበረም፤ የኮምፒውተሩ አቅም ውስን፣ ቀለማቱም ጥቂት ነበሩ። ፕሮግራም መጻፍ ባለማወቁም ባልደረቦቹ ሐሳቦቹን ይንቁ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ፔንግዊን አድቬንቸር በተባለ ጌም ላይ ረዳት መሆን ነበር፤ ከዚያ ራሱ የጀመረው ጌም ደግሞ ሳያልቅ ተሰረዘ። አጀማመሩ ይህን ይመስላል።

ተጫዋቹ የሚደበቅበት ጌም ሐሳብ ከየት መጣ?

ከማሽን ድክመት። ኮጂማ በኤምኤስኤክስ 2 ላይ የጦርነት ጌም እንዲሠራ ኃላፊነቱን ከአንድ አንጋፋ ባልደረባው ተረከበ። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ማሳየት አይችልም፤ ስምንት ሲያልፍ ትርፎቹ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋሉ። ተጫዋቹ አለ፣ ሁለት ሦስት ጠላቶች አሉ፣ ከዚያ ጥይቶቹ ሲጨመሩ ገደቡ ይሞላል። ብዙ ወታደር የሚርመሰመስበት ፍልሚያ እዚያ ማሽን ላይ ሊሠራ አይችልም።

ሌላ ሰው ቢሆን ፍልሚያውን አሳንሶ፣ አቅም በፈቀደው ልክ ይሠራው ነበር። ኮጂማ ግን ፍልሚያውን ራሱን አነሣው። ከጦር እስረኞች ካምፕ ስለ ማምለጥ የተሠራ አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም ይወድ ነበርና፣ የተጫዋቹን ተግባር ከመዋጋት ወደ አለመታየት ለወጠው። እንዲህ ሲሆን ጥቂት ዘቦች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ዘብ የሚያይበት አቅጣጫ አለው፤ ተጫዋቹ ጀርባውን እስኪሰጠው ጠብቆ ያልፋል፤ ከታየ ግን መላው ጦር ይነሣበታል። ከስምንት ምስሎች ገደብ የተወለደው ይህ ዘዴ ዛሬ ራሱን የቻለ የጌም ዘርፍ ሆኗል።

ሜታል ጊር በ1987 ወጣ። ሶሊድ ስኔክ የተባለ ጀማሪ ወታደር፣ በደቡባዊ አፍሪካ ወዳለው አውተር ሄቨን ወደተባለ ምሽግ ብቻውን ይላካል። በሬዲዮ መመሪያ የሚሰጠው ቢግ ቦስ የተባለው አዛዡ ነው። ወደ መጨረሻው ግን መመሪያዎቹ ወደ ወጥመድ መምራት ይጀምራሉ፤ በመጨረሻም አዛዡ ኤምኤስኤክሱን አጥፋው ብሎ ያዝዛል። ይህን ልብ በሉት፦ ትእዛዙ የሚደርሰው ለስኔክ አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጫወተው ሰው ነው። በ23 ዓመቱ፣ ገና በመጀመሪያ ጌሙ፣ ከስክሪኑ ወጥቶ ተጫዋቹን ማነጋገር ጀምሯል።

ሁለተኛው ሜታል ጊር በባቡር ውስጥ ነው የተወለደው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ኮጂማ ራሱ የተናገረው ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ጌም ለኒንተንዶ ማሽን ተለውጦ በአሜሪካ ጥሩ ሲሸጥ፣ ኩባንያው ያለ ኮጂማ ስኔክስ ሪቬንጅ የተባለ ተከታይ ማዘጋጀት ጀመረ። በዚያ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ባልደረባው ባቡር ውስጥ አገኘውና እውነተኛውን ተከታይ እንዲሠራ ለመነው። ኮጂማ ወዲያው ማሰብ ጀመረ፤ ሜታል ጊር 2፦ ሶሊድ ስኔክ በ1990 ወጣ። ዘቦቹ ድምፅ የሚሰሙት፣ ራዳርም የገባው በዚህ ጌም ነው።

የ1998ቱ ሜታል ጊር ሶሊድ ይህን ያህል የሚነገርለት ለምንድን ነው?

ከኤምኤስኤክስ ወደ ፕሌይስቴሽን የተደረገው ሽግግር፣ ታሪኩ እንደ ፊልም በካሜራ አቀማመጥና በተዋናዮች ድምፅ መቅረቡ፣ የዮጂ ሺንካዋ የሰዎችና የመሣሪያዎች ሥዕል፣ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የያዘው ግልጽ ተቃውሞ፤ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ታሪኩ የሚካሄደው በአላስካ ባለች ሻዶ ሞሰስ በተባለች ደሴት ላይ ነው፤ ስኔክ በበረዶው መካከል ብቻውን ነው፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነው።

ሰው የማይረሳው ግን ሳይኮ ማንቲስን ነው። ማንቲስ የሰው አእምሮ የሚያነብ ጠላት ነው። ስኔክ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ማንቲስ ፊቱን ወደ ተጫዋቹ ያዞራል። በሜሞሪ ካርዱ ላይ የተቀመጡ የሌሎች የኮናሚ ጌሞችን ፈልጎ፣ ምን ምን እንደምትወዱ ይነግራችኋል። ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጡት ይላል፤ በሐሳብ ኃይሌ አንቀሳቅሰዋለሁ ብሎ በንዝረቱ ያስኬደዋል። ውጊያው ሲጀምር ደግሞ የምትጫኑትን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ልትመቱት አትችሉም። መፍትሔው ከወንበር ተነሥቶ ጆይስቲኩን ከመጀመሪያው ሶኬት ነቅሎ በሁለተኛው መሰካት ነው። ያኔ አእምሯችሁን ማንበብ ያቅተዋል።

ሌላም አለ። ሜሪል የተባለችውን ገጸ ባሕርይ በሬዲዮ ለማግኘት ቁጥሯ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ በሲዲው ሽፋን ጀርባ ላይ ታገኘዋለህ ይባላል። ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ ሲዲ ይፈልጋል። ቁጥሩ ያለው ግን ከሱቅ ገዝቶ ባመጣው በራሱ የጌሙ ማሸጊያ ላይ በታተመ ሥዕል ውስጥ ነው፦ 140.15። ጌሙን ያለ ማሸጊያው ያገኘ ሰው መከራውን ያይ ነበር።

በሜታል ጊር ሶሊድ 2 ተጫዋቾችን አታልሏል የሚባለው ምን ማለት ነው?

ጌሙ በ2001 ከመውጣቱ በፊት ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚያሳዩት ሶሊድ ስኔክን ነበር። ተጫዋቹ ግን ጥቂት ሰዓት በስኔክ ከተጫወተ በኋላ ራይደን የተባለ፣ ማንም የማያውቀው ለጋ ወጣት ይሰጠዋል፤ እስከ መጨረሻውም በእሱ ነው የሚጫወተው። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ቁጣው ለዓመታት አልበረደም።

ራይደን እንደ ስኔክ መሆን የሚፈልግ፣ ጦርነትን በኮምፒውተር ልምምድ ብቻ የሚያውቅ መስሎ የሚቀርብ ልጅ ነው። ይኸውም ማለት ተጫዋቹ ራሱ ነው። ወደ መጨረሻው አዛዡ መዘባረቅ ይጀምራል፤ አዛዥ ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ንግግር ስለ መረጃ ነው፦ ሰው ሁሉ ያሰበውን በሚያከማችበትና እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ እውነት ይዞ በሚኖርበት ዓለም፣ የማይረባው ከሚረባው ሳይለይ ይከማቻል፤ ስለዚህም ምን መታወስ እንዳለበት የሚመርጥ ኃይል ያስፈልጋል ይላል ማሽኑ። ፌስቡክም ሆነ ዩቲዩብ ከመፈጠራቸው በፊት የተጻፈ ነው። ዛሬ ስልኩን ከፍቶ የፈጠራ ወሬ ከእውነቱ ጋር ተደባልቆ ሲፈስስበት የሚውል ማንም ሰው ያንን ንግግር ቢሰማ ይገርመዋል።

የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው በመድረሱ፣ በኒው ዮርክ ላይ የሚደርሰውን ውድመት የሚያሳዩ ትዕይንቶች ከመጨረሻው ክፍል ተቆርጠው ወጥተዋል። ፍጻሜው በጥቂቱ የተቆራረጠ የሚመስለው በዚህም ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው የቱ ነው?

ለእኔ ሜታል ጊር ሶሊድ 3 ነው፤ በ2004 የወጣው።

ዘመኑ 1964 ነው፤ ቦታው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ያለ ጫካ። እዚህ ስኔክ የሚባለው ወጣት የአሜሪካ ወታደር (ሶሊድ ስኔክ አይደለም)፣ ገና ቢግ ቦስ ሳይባል፣ ለጠላት ከድታለች የተባለችውን አሠልጣኙን እንዲገድል ታዝዟል። ዘ ቦስ ትባላለች፤ ውጊያ ያስተማረችው፣ እንደ እናትም እንደ ጓደኛም የሆነችለት ሴት ናት። በጫካው ውስጥ ተጫዋቹ ይራባል፤ እባብና ዓሣ አድኖ ይበላል፤ አጥንቱ ሲሰበር ራሱ ያክማል፤ ልብሱን ከቅጠሉ ቀለም ጋር ያመሳስላል። ሰውነት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ።

መንገዱ ላይ ዘ ሶሮው የተባለ ሙት መንፈስ ይጠብቃችኋል። እዚያ ፍልሚያ የለም። ያለው ረጅም ወንዝ ነው፤ በወንዙ ውስጥ ወደ ላይ ትራመዳላችሁ፤ እስከዚያ ድረስ የገደላችኋቸው ሰዎች በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ በሞቱበት ቁስል ወደ እናንተ ይመጣሉ። ብዙ የገደለ ሰው ወንዙ አያልቅለትም። ማንንም ሳይገድል የመጣ ሰው ወንዙን ከሞላ ጎደል ባዶውን ያገኘዋል። ጌሙ ቀደም ብሎ አትግደሉ ብሎ አልሰበከም፤ የሠራችሁትን መዝግቦ ይዞ በቦታው አሳያችሁ እንጂ።

ሌላው ጠላት ዘ ኤንድ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አነጣጣሪ ተኳሽ። ከእሱ ጋር የሚደረገው ፍልሚያ በሰፊ ጫካ ውስጥ የትዕግሥት ውድድር ነው። ነገር ግን ጌሙን መሐል ላይ አቁሞ ከሳምንት በላይ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ሽማግሌውን በእርጅና ሞቶ ያገኘዋል።

መጨረሻው ነጭ አበቦች በሞሉበት መስክ ላይ ነው። ዘ ቦስ ተሸንፋ ተኝታለች። ሙዚቃው ቆሟል፤ ካሜራው ከላይ ያያል፤ ስኔክ ሽጉጡን ደግኗል። የሚጠበቀው ጌሙ ራሱ ጨርሶት ወደሚቀጥለው ትዕይንት እንዲያልፍ ነው። አያልፍም። ተጫዋቹ ቃታውን እስኪስብ ድረስ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። ክህደቷ የታዘዘችው ተልእኮ እንደነበር፣ ለአገሯ ስትል ስሟን ጭምር እንደሰዋች የምንረዳው ከተኮስን በኋላ ነው። ፊልም ይህን ማድረግ አይችልም። ልብ ወለድም አይችልም። በሁለቱም ውስጥ የሚገድለው ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ጣታችሁ ነው።

ከሜታል ጊር ውጭ በኮናሚ ምን ሠራ?

በ1988 ስናቸር የተባለ፣ ሰው ገድለው በሰውየው ቦታ የሚተኩ ማሽኖችን ስለሚያሳድድ መርማሪ የሚተርክ ጌም ጻፈ፤ በ1994 ደግሞ ፖሊስኖትስን። ሁለቱም ከድርጊት ይልቅ ንባብና ምርመራ የሚበዛባቸው ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በ2003 በእጅ ለሚያዘው የጌም ማሽን፣ ለጌም ቦይ አድቫንስ፣ በፕሮዲውሰርነት ያዘጋጀው ቦክታይ ነው። ካርትሪጁ ላይ ፀሐይ የሚለይ ሴንሰር አለው፤ ቫምፓየሮችን የሚመታው መሣሪያ ኃይል የሚሞላው ተጫዋቹ ከቤት ወጥቶ እውነተኛ ፀሐይ ሲያስነካው ነው። ልጆችን ወደ ውጭ የሚያስወጣ የቪዲዮ ጌም ማለት ነው።

ታሪኮቹን ሁሉ ብቻውን ነው የሚጽፋቸው?

አይደለም። ቶሞካዙ ፉኩሺማ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሜታል ጊር ሶሊድ ክፍሎች፣ ሹዮ ሙራታም ከሦስተኛው ጀምሮ አብረውት ጽፈዋል። የሺንካዋ ሥዕል ከሌለ የኮጂማ ዓለም አይታሰብም፤ ዛሬም አብሮት ነው። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ የሆሊውዱ የሙዚቃ ደራሲ ሃሪ ግሬግሰን ዊሊያምስ በዜማው ተሳትፏል። የኮጂማ ስም በሽፋኑ ላይ ጎልቶ መጻፉ እነዚህን ሰዎች ሊያስረሳን አይገባም።

ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ስለ ቋንቋ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

በ2015 የወጣው ይህ ጌም በ1984 አፍጋኒስታን ውስጥና በአንጎላና በዛየር ድንበር ላይ ይካሄዳል። ዋናው ጠላት ስከል ፌስ፣ በልጅነቱ ጦርነት አካሉንም አገሩንም ያጠፋበት፣ ከዚያም ገዢ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቋንቋ እንዲናገር የተገደደ ሰው ነው። መሣሪያው የድምፅ አውታር ላይ የሚኖር ተውሳክ ሲሆን፣ ተውሳኩ የሚነቃው አንድ የተወሰነ ቋንቋ ሲሰማ ነው፤ የቋንቋውን ተናጋሪዎች ነጥሎ ይገድላል። እንግሊዝኛን ከዓለም ለማጥፋት ያሰበውም በዚህ ነው።

ሐሳቡ ከሳይንስ ይልቅ ለተረት ይቀርባል። ቢሆንም ቋንቋውን የተነጠቀ ሰው አገሩን እንደተነጠቀ የሚቆጥር ታሪክ በዚህ ስፋት የቀረበበት ሌላ የጦርነት ጌም አላውቅም። የሚያሳዝነው ጌሙ ሙሉ ሆኖ አለመውጣቱ ነው፤ ታሪኩን ሊቋጭ የነበረ አንድ ምዕራፍ ሳያልቅ ቀርቶ፣ ከልዩ እትሙ ጋር በተሰጠ ዲስክ ላይ በከፊል ብቻ ታይቷል።

ፒ.ቲ. ምንድን ነው? አሁንስ ማግኘት ይቻላል?

በኦገስት 2014 ማንም በማያውቀው ስቱዲዮ ስም፣ በነጻ፣ በፕሌይስቴሽን 4 መደብር ላይ የተለቀቀ አጭር አስፈሪ ጌም ነው። አንድ የቤት ውስጥ ኮሪደር አለ፤ በበሩ ስትወጡ ተመልሳችሁ ያው ኮሪደር ውስጥ ትገባላችሁ፤ በየዙሩ አንድ ነገር ይለወጣል። ተጫዋቾች ጨርሰው ሲወጡ ሳይለንት ሂልስ የተባለ ጌም ማስታወቂያ መሆኑ ታወቀ፤ ኮጂማ ከሜክሲኳዊው የፊልም ዳይሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ ጋር የሚሠራው፣ ኖርማን ሪደስ የሚተውንበት። በኤፕሪል 2015 ዕቅዱ ተሰረዘ፤ ፒ.ቲ.ም ከመደብሩ ተነሣ። አሁን በሕጋዊ መንገድ ማውረድ አይቻልም፤ ያለው ቀድሞ በጫኑት ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። እነዚያ ማሽኖች ከተራው ዋጋ በላይ ይሸጡ ነበር።

ከኮናሚ ለምን ለቀቀ?

ሁለቱ ወገኖች ምክንያቱን በዝርዝር ለሕዝብ አልተናገሩም፤ ስለዚህ በታየው እንወሰን። በማርች 2015 የኮጂማ ስም ከሜታል ጊር ሶሊድ 5 ማስታወቂያዎችና ከሽፋኑ ላይ ተነሣ። ጌሙ በሴፕቴምበር ወጣና ተወደሰ። በዲሴምበር በሎስ አንጀለስ በተካሄደው ዘ ጌም አዋርድስ ላይ ሲሸለም ኮጂማ አልነበረም፤ አዘጋጁ ጄፍ ኪሊ የኮናሚ ጠበቃ እንዳይገኝ እንደከለከለው መድረክ ላይ ተናገረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮጂማ የራሱን ድርጅት ማቋቋሙን፣ የመጀመሪያ ጌሙንም ከሶኒ ጋር እንደሚሠራ አስታወቀ። ያኔ 52 ዓመቱ ነበር። በእጁ ቢሮ የለም፣ የጌም ሞተር (ጌም የሚገነባበት መሠረታዊ ሶፍትዌር) የለም፤ ሜታል ጊርም የኮናሚ ንብረት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ከሶኒው ማርክ ሰርኒ ጋር ተስማሚ የጌም ሞተር ፍለጋ የተለያዩ ስቱዲዮዎችን ዞረ። አምስተርዳም የሚገኘው ጉሪላ ጌምስ ገና ውል ሳይፈረም የሞተሩን ኮድ በሣጥን አድርጎ ሰጠው። ሞተሩ በኋላ ዴሲማ ተባለ፤ ስሙም ጃፓን በሯን ዘግታ በነበረበት ዘመን ለሆላንድ ነጋዴዎች ብቻ ከፍታ ከተወቻት ከናጋሳኪዋ የዴጂማ ደሴት የተወሰደ ነው።

ዴዝ ስትራንዲንግ ዕቃ ማድረስ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ዕቃ ማድረስ ነው፤ "ብቻ" የሚለው ግን ስሕተት ነው። በኖቬምበር 2019 የወጣው ይህ ጌም፣ የሙታንና የሕያዋን ዓለም ድንበር ፈርሶ ሰዎች በየጉድጓዳቸው ተነጣጥለው በሚኖሩባት አሜሪካ ውስጥ ይካሄዳል። በኖርማን ሪደስ መልክና ድምፅ የሚመጣው ሳም ፖርተር ብሪጅስ መልእክተኛ ነው፤ ጭነት ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ይሄዳል፤ በደረሰበትም የተቆራረጡትን ሰዎች ከመገናኛ መረብ ጋር ያያይዛል።

ጭነቱ ይከብዳል። ከፍ ብሎ የተደራረበ ዕቃ ያንገዳግዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሚዛን መጠበቅ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ጥልቀቱን መገመት፣ ጫማ ሲያልቅ መለወጥ ያስፈልጋል። ገበያ ለመድረስ ጭነት አዝሎ ዳገት ወጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። በሌሎች ጌሞች ሮጠን የምናልፈው መሬት እዚህ ራሱ ተቃዋሚው ነው።

ሰው መግደል ይቻላል፤ ግን በዚያ ዓለም አስከሬን በጊዜው ካልተቃጠለ ታላቅ ፍንዳታ ያስከትላል። ስለዚህ የገደለ ሰው ሬሳውን ተሸክሞ ተራራ ወጥቶ ወደ ማቃጠያው ማድረስ አለበት። ከሜታል ጊር ሶሊድ 3 ወንዝ የተነሣው ሐሳብ እዚህ በትከሻ ላይ የሚጫን ሸክም ሆኖ መጥቷል።

ከሁሉ የሚያምረው ሌሎች ተጫዋቾችን በፍጹም አለማየታችሁ ነው። የምታዩት የተዉላችሁን ነው። አንድ ሰው ገደል ላይ ያቆመው መሰላል፣ ሌላው ያሰረው ገመድ፣ ብዙዎች ቁሳቁስ አዋጥተው የሠሩት መንገድ በእናንተ ዓለም ውስጥ ይገኛል፤ እናንተ የሠራችሁትም ለማታውቁት ሰው ይተርፋል። ማድረግ የምትችሉት ማመስገን ብቻ ነው። ጌሙ ወጥቶ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ኮቪድ መጣና ዓለም በየቤቱ ተዘጋ፤ ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎችም የብዙዎች ተስፋ ሆኑ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት አሰልቺ ብለው የተዉት ብዙዎች ተመልሰው የጨረሱት በዚያ ጊዜ ነው።

በምን ይተቻል?

በርዝመት፣ በትክክል። የሜታል ጊር ሶሊድ 4 የመጨረሻ ትዕይንት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን አስቀምጦ የሚያይበት ጊዜ ከልክ ያለፈ ነው። በትረካ ያልገባውን ሁሉ በንግግር ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ወጣት ሳለ ለመጽሔቶቹ የላካቸው ልብ ወለዶች የወደቁበት ምክንያት እስከ ዛሬ አብሮት አለ።

የሴቶች አቀራረቡ የበለጠ ያስከፋል። በአምስተኛው ክፍል ኳየት የተባለችው ተኳሽ ከሞላ ጎደል ራቁቷን በጦር ሜዳ ትዘምታለች። ኮጂማ ምክንያቱን ስታውቁ የተቸ ሁሉ ያፍራል ብሎ ነበር፤ ጌሙ የሰጠው ምክንያት፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች የሚለው፣ ማንንም አላሳመነም። ዘ ቦስን የጻፈ ሰው እንዲህ ማድረጉ ይቆረቁረኛል።

ከየትኛው ጌም ልጀምር?

ሜታል ጊር ሶሊድ 3። ታሪኩ በዘመን ቅደም ተከተል መጀመሪያው ስለሆነ ሌላውን ሳያውቁ መግባት ይቻላል። በ2023 የወጣው የሜታል ጊር ሶሊድ ማስተር ኮሌክሽን የመጀመሪያው ቅጽ ሁለቱን የኤምኤስኤክስ ጌሞችና የሶሊድን ሦስት ክፍሎች በአንድ ላይ ይዟል። በ2025 ኮናሚ ሦስተኛውን ሜታል ጊር ሶሊድ ዴልታ በሚል ስም በአዲስ ምስል አውጥቶታል፤ ኮጂማ ግን አልተሳተፈበትም። ተኩስ የማይወድ ሰው በዴዝ ስትራንዲንግ ይጀምር፤ በኮምፒውተርም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በትዕግሥት ያሳልፋቸው፤ ጌሙ የሚከፈተው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

አሁን ምን እየሠራ ነው?

ዴዝ ስትራንዲንግ 2 በጁን 2025 በፕሌይስቴሽን 5 ወጥቷል፤ በሜክሲኮና በአውስትራሊያ የሚካሄድ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ክፍል ሰዎችን ማያያዛችን ልክ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኮጂማ ታሪኩን ከወረርሽኙ በኋላ እንደ አዲስ እንደጻፈው ተናግሯል። ከዚያ በፊት በ2020 የብሪታንያው የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበብ አካዳሚ፣ ባፍታ፣ ከፍተኛ ክብሩን፣ ፌሎሺፑን ሰጥቶታል።

በይፋ ከታወቁት ቀጣይ ሥራዎቹ አንዱ ከአሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጆርዳን ፒል ጋር፣ በኤክስቦክስ ድጋፍ የሚያዘጋጀው ኦዲ የተባለ አስፈሪ ጌም ነው። ሌላው ፊዚንት ይባላል፤ ከሶኒ ጋር የሚሠራው የስለላ ጌም ነው። ፊዚንት ከኮናሚ ከወጣ ወዲህ ወደ ስለላ ጌም የሚመለስበት የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል።